ከአስፋልት 5 ደቂቃ

ባለፈው ቅዳሜ ከባለቤቴ ጋር ቤት ልናይ ወጣን። “ውይ፣ አንተም ገባህበት?” ስትሉ ይሰማኛል። አዎ፣ ገባሁበት። ግን ስሞታ ይዤ አልመጣሁም። ደላሎቻችንን ላመሰግን ነው።

መጀመሪያ ትሕትናቸው። ደብረ ብርሃን ላይ ቤት ለመሸጥ ብቻውን የሚደፍር ደላላ የለም። ለእኔ የደወለልኝ ልጅ ቤቱን አይቶት አያውቅም። ያየው “የእኔ ሰው” የሚለው ነው። እሱም የራሱ “የእኔ ሰው” አለው። ጠባሴ ስንደርስ አራት ሆነው ጠበቁን። ቁልፉ ያለው ባጃጅ ውስጥ ስልክ ከሚያወራው ከአምስተኛው ጋ ነው ተባልን። ቁልፉ እሱም ጋ አልነበረም። ባለቤቱን ላግኘው ስል ደነገጡ። “ጋሼ፣ ባለቤቱን ምን ያደርጉታል? እኛ አለን አይደል?” አሉ እንጂ። ከገዢ 2 በመቶ፣ ከሻጭ 2 በመቶ። ገና ሰው ሳይገባበት አምስት አባወራ የሚያኖር ቤት!

ቤቱ “ከአስፋልት 5 ደቂቃ” ነው። ባጃጁ አስፋልቱ ጫፍ ላይ የመጀመሪያውን ጭቃ ሲያይ ቆመ። “ከዚህ በእግር ትንሽ ናት” ተባልን። ባለቤቴ ሰዓቷን አየች፤ 3 ሰዓት ከሩብ ይላል።

በአምስተኛው ደቂቃ ገና ኮብልስቶኑ ላይ ነን። በአሥረኛው ኮብልስቶኑ አለቀ። በአሥራ አምስተኛው አጥሩ ሁሉ አለቀ። ቀጥሎ የባቄላ ማሳ፣ ከዚያ ገብስ፣ ከዚያ አጥንት የሚሰብር ንፋስ። ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ዳገት መውጣት ምን እንደሆነ የአገሬ ሰው ያውቃል። “ያቺ ቆርቆሮ ትታይዎታለች?” ይለኛል አንዱ። ቆርቆሮ ሞልቷል፤ ሁሉም ያብረቀርቃል።

ኩበት የምታሰጣ አንዲት እናት አዘኑልን።

“እረፉ እንጂ ልጆቼ፣ ከሩቅ ነው የመጣችሁት?”

“ከአስፋልት” አልኳቸው።

“ውይ! በሞትኩት!”

ደረስን። ከ4 ሰዓት 10 ጉዳይ። ሠላሳ አምስት ደቂቃ። አላስቻለኝም፣ “አምስት ደቂቃ አላልከኝም?” አልኩት። ልጁ ቅንጣት አላፈረም። “በመኪና ነው እኮ ያልኩዎት።”

“መኪናው በየት በኩል ይመጣል?”

“መንገዱ ሲወጣ።”

ልብ በሉ፣ ልጁ አልዋሸም። ገና ባልወጣ መንገድ፣ ባልገዛሁት መኪና አምስት ደቂቃ ነው። እንዲህ አርቆ የሚያይ ሰው አገር መምራት ሲገባው እኔን እየመራ ገብስ ውስጥ ይንከራተታል።

መብራትም “ገብቷል”። ከጎረቤት የተሳበ ሽቦ ሦስት ባሕር ዛፍ ተሻግሮ ይመጣል። ስንሞክረው አልበራም። በዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ማለት ነው፣ ከሰማይ ብርሃን ወርዶ ነው ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ይባላል። ወደዚያ ሰፈር ገና እየመጣ ይሆናል።

ካርታውስ? “ንጹህ ነው።” የታለ? “በሂደት ላይ ነው።” መሬቱ እንደሆነ የመንግሥትና የሕዝብ ነው። እኔ የምገዛው ቤቱንና የይዞታ መብቱን ነው። ካርታው በሂደት ላይ ከሆነ የምገዛው ጭቃና ማገር ነው ማለት ነው። እሱንም ቢሆን ዛሬውኑ ቀብድ ካልሰጠሁ ያመልጠኛል፤ ከሰዓት አንድ ዳያስፖራ ሊያየው ይመጣል። ይህ ዳያስፖራ እኔ ቤት መፈለግ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሰዓት እየመጣ ነው። መቼም አልደረሰም። ከአስፋልት በእግሩ ጀምሮ ይሆናል።

ቀብድ ሲባል ግን ጎረቤቴ ትዝ ትለኛለች። እንጀራ ሸጣ፣ እቁብ ጥላ፣ አሥራ አንድ ዓመት ያጠራቀመችውን ለቀብድ ሰጠች። ለካ በዚያው ቤት ከሌሎች ሁለት ሰዎችም ቀብድ ተበልቷል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል ይላል። እጥፉ ቀርቶ የራሷን ስትጠይቅ “ክሰሺና ውሰጂ” ነው ያሏት። ውሉ ያለው ደላላው ደብተር ላይ ነው፣ በእስክርቢቶ። ይህ ሌብነት ነው። ምስክር ነን ብላችሁ የፈረማችሁ፣ ሁለት መቶ ብር ተቀብላችሁ ዝም ያላችሁ፣ እናንተም አላችሁበት። ሴትዮዋ ዛሬም ኪራይ ቤት ናት። ዛሬም ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስታ ምጣድ ታሰማለች።

እሺ፣ ወደ ምስጋናዬ። ግብር እንዳይበዛብኝ ውሉ ላይ የዋጋው ግማሽ ብቻ ይጻፍ ብለውኛል። ለኪሴ እንዲህ የሚጨነቅ የሥጋ ዘመድ እንኳ የለኝም። በኋላ ጠብ ቢመጣ የቀረውን ግማሽ በምን እንደማስረዳ ስጠይቅ፣ “ጋሼ፣ እንዲህ ክፉ ክፉውን አያስቡ” አሉኝ።

ትናንት ማታ በማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ። ልዩ ቤት ነው አለኝ። ጀርባው ባሕር ዛፍ፣ ፊት ለፊቱ ሜዳ፣ ነፋሻ አየር፣ መብራት የገባለት። ባለቤቴ ከጎኔ ተቀምጣ እግሯን በሙቅ ውሃ ዘፍዝፋለች።

“ከአስፋልት ስንት ደቂቃ ነው?” አልኩት።

“3 ደቂቃ።”

“ቅዳሜ 5 ነበር እኮ!”

ዝም አለ። ከዚያ በኩራት፣ “ከተማዋ እያደገች ነዋ፣ ጋሼ!”