ሁሉን አዋቂው ደላላችን

የቤት ደላላን የሚያማ ሰው ይገርመኛል። እንዲህ ያለ ለጋስ ከየት ይገኛል? ጠበቃ ምክሩን ያስከፍላል። መሐንዲስም ያስከፍላል። ደላላችን ግን በጠዋቱ ፀጉሩን አበጥሮ፣ ስልኩን መስኮት ላይ አስደግፎ ላይቭ ይገባል። ከዚያ ሕጉን፣ ወለዱን፣ የዓለምን ኢኮኖሚ በነፃ ያድለናል። አፍ ዳገት አይፈራም።

ከሁሉ የምወድለት ቂም አለመያዙን ነው። «የቤት ዋጋ ወርዶ አያውቅም» ይላል፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። ጃፓን ውስጥ የመሬት ዋጋ እ.ኤ.አ. በ1991 ገደማ ጫፍ ነክቶ፣ ከዚያ ከ10 ዓመት በላይ ቁልቁል ሄዷል። አሜሪካም ከ2006 በኋላ የቤት ዋጋ ወርዶ፣ በ2008 ስንቱን ባንክ ይዞት ገደል ገብቷል። ደላላችን ይህን ሁሉ ይቅር ብሎታል። ረስቶታል ማለት ይቀላል።

ሂሳቡማ አይወራ! በቀደም አንዷ «በ7 በመቶ ወለድ ለ30 ዓመት ብበደር አይከብደኝም?» አለችው። «እህቴ፣ 7 ምን አላት?» አላት። አለ እንጂ! በእኩል ወርሃዊ ክፍያ 30 ዓመት ብትከፍል፣ የተበደረችውን 2.4 እጥፍ ገደማ ትመልሳለች። የመጀመሪያው ወር ክፍያዋ ደግሞ ከ85 በመቶ በላይ ወለድ ነው። ይህን አልነገራትም። በምትኩ ሦስት ቀይ ልብ ላከላት።

ሌላው የግድግዳ ስንጥቅ ፎቶ ላከለት። ስንጥቁ ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ እንደ ደረጃ እየተሰበረ ይወርዳል። መሠረቱ እየሰመጠ እንደሆነ መሐንዲስ መጥቶ ቢያየው ደግ ነበር። ግን ምን በወጣው! ደላላችን ከስልኩ ሳይነሳ መረመረው፦ «ቤቱ ገና እየተደላደለ ነው። ቀለም ቀባ አድርገው።» ቤቱ የ20 ዓመት ቤት ነው።

ሰኞ ለገዢዎች፦ «ፍጠኑ፣ ዋጋ ሊንር ነው!» ሐሙስ ለሻጮች፦ «ፍጠኑ፣ ዋጋ ሊወርድ ነው!» ኮቱ ያው፣ ከረባቱ ያው። ሁለቱም ቪዲዮ አንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። (ሻጭና ገዢ ስልካቸው አንድ ዓይነት መሆኑን ማን ይንገረው?)

እውነቱን ለመናገር እሱ ብቻ የሚያውቀው ነገር አለ። ክረምት ሲገባ የትኛው መንገድ በጎርፍ እንደሚሞላ ያውቃል። የትኛው ጎረቤት ሌሊት እንደሚያንጫጫ፣ ቤቱ ስንት ወር ገዢ አጥቶ እንደቆየ፣ ያለፈው ገዢ ለምን እንደሸሸ ያውቃል። ይህን ባንክ ሄደህ አታገኘውም። ሰው ይህን ቢሰማ በእግሩ ፈልጎት ይመጣ ነበር። እሱ ግን ትሑት ነው፤ የሚያውቀውን አያወራም። ቤቱን ከጠየቅከው «ውስጥ መስመር አናግረኝ» ነው መልሱ።

ትናንት ስለ ዓለም የወለድ ምጣኔ እያስተማረን ነበር፣ ሊሸጠው ካሰበው ሳሎን ቆሞ። ከጭንቅላቱ በላይ ኮርኒሱ ላይ ሰሃን የሚያህል ቡናማ እርጥበት ይታያል። አንዱ «ወንድሜ፣ ጣሪያው ያፈሳል እንዴ?» ብሎ ጻፈ። «ግሩም ጥያቄ! በሚቀጥለው ላይቭ እመለስበታለሁ» አለ።

ዛሬ ተመለሰ። ከሌላ ግድግዳ ፊት ቆሞ፣ ስለ ውርስ ሕግ።