አንድ ወንበር ፈልጌ

ለከተማችን ምክር ቤት እወዳደራለሁ ብዬ የተነሳሁት በ2010 ነው። ጥፋቱ የጉድጓድ ነው። ሰፈራችን ያለው መንገድ ተቆፍሮ ሳይደፈን ከረመ፣ የጅማ ዝናብ ደግሞ መቼም ታውቁታላችሁ፣ ጉድጓዱ ኩሬ ሆነና አንድ ባጃጅ ሦስት ሰው እንደጫነ ገባበት። ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ ስገፋ ከኋላዬ አንዱ "እንዲህ ዓይነት ሰው ነበር መመረጥ ያለበት!" አለ። ቀልዱን ነው። እኔ ግን ነገሩን ይዤው ቤት ገባሁ።

ሚስቴ ሰማችኝና "መጀመሪያ የራሳችንን አጥር አቃና" አለች። ተቃዋሚ ከቤት እንደሚጀምር ያን ቀን ገባኝ።

ዕድሜ አላሰጋኝም። ለመምረጥ 18፣ ለመመረጥ 21 ነው፤ ሁለቱንም ካለፍኩ ቆይቻለሁ። ያስቸገረኝ የምርጫ ምልክቱ ነው። የግል ተወዳዳሪ ስለሆንኩ ራሴ መምረጥ አለብኝ። መጀመሪያ ጀበና አልኩ። የቡና አገር ሰው ነኝ፣ ሌላ ምን ልበል? ወሬው ግን ከእኔ ቀድሞ ሰፈሩን ዞረ። በማግስቱ ከወዲያ ማዶ ያሉት እማማ ስኒያቸውን ይዘው መጡ። "ጀበናው አንተ ቤት ነው አሉ፣ ልጄ" ብለው ቁጭ። አቦል ጠጡ፣ ቶና ጠጡ፣ በረካው ላይ የልጅ ልጃቸውን ሥራ እንዳስቀጥርላቸው ነገሩኝ። በሳምንቱ አሥራ አንድ ሰው ሆኑ። ስኳር እንኳን ይዞ የመጣ የለም።

ጀበናውን ተውኩና ወደ በርጩማ ዞርኩ። የጅማ በርጩማ ማለት እኮ ቀልድ አይደለም፣ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ሦስት እግር አውጥቶ የሚቆም ነገር ነው፤ ሚስማር የለው፣ ማጣበቂያ የለው። "ሦስት እግር፦ ውሃ፣ መንገድ፣ ጽዳት" የሚል መፈክር ሁሉ አዘጋጀሁ። ፀጉሬን የሚቆርጠኝ ልጅ መቀሱን አቁሞ በመስታወቱ ውስጥ አየኝና "ወንበር ፈልገህ ነው የመጣኸው ብለን ስናማህ፣ ይኸው ፎቶውንም ለጠፍከው" አለኝ። አባ ጅፋር ሁለተኛ ከ50 ዓመት በላይ ሲገዙ እንዲህ ያለ ጣጣ አልነበረባቸውም። ጅሬን ኮረብታ ላይ ቤተ መንግሥት፣ አለቀ።

ከዚያ ምርጫው ተራዘመ። በ2011 ደግሞ ተራዘመ። በ2012 ኮሮና መጣ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ሲደርስ ለእጩነት የገዛሁትን ሱፍ ለብሼ ተሰለፍኩ፤ የፌዴራልና የክልል ወረቀት ሰጡኝ፣ የከተማው የለም። ለካ ለከተማችን ምክር ቤት ድምፅ የተሰጠው ሚያዝያ 2005 ነው፣ ከዚያ ወዲህ አልነበረም። አንድ ሽማግሌ ወረቀቱን አገላብጠው "ያንተ በርጩማ የታለ?" አሉኝ። ምን ልበላቸው?

እጩነቱ ግን አልተራዘመልኝም። ለቅሶ የቀረሁ እንደሆነ "ገና ሳይመረጥ ናቀን" ይሉኛል። መንገድ ላይ ግራ ቀኙን "አከም ቡልተን"፣ "እንዴት አደራችሁ" እያልኩ አሥር ደቂቃ የነበረው መንገዴ አርባ ሆኗል። ባጃጅ ላይ መልስ መጠየቅ ነውር ነው። አንዴ ሞቅ ብሎኝ አዌቱን አጸዳለሁ ብዬ ነበር፤ ወንዙ ላይ ፌስታል በታየ ቁጥር ይኸው ፎቶ አንስተው ይልኩልኛል። ቦዬ ረግረግ ያሉት ጉማሬዎች ብቻ ናቸው እስካሁን ምንም ያልጠየቁኝ። ሱፉም ሆዴ ላይ አልቆለፍ ካለ ሁለት ዓመት አለፈው።

ባለፈው ወር የእድራችን ስብሰባ ነበር። ሊቀመንበሩ ብድግ ብለው "ይህ ልጅ ስንት ዓመት ሙሉ ወንበር ሲፈልግ አይተናል፣ ለምን እኛ አንሰጠውም?" አሉ። ተጨበጨበ። እጅ ወጣ። በሙሉ ድምፅ ተመረጥኩ፣ የእቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ።

80 የፕላስቲክ ወንበር ፈርሜ ተረከብኩ። ማታ ብቆጥረው 77 ነው፤ አራቱ ደግሞ እግራቸው ተሰብሯል። እስከ እሁድ እንዳሟላ ተነግሮኛል።