ምስጋና ለኮፈን ሸንጎ

ጅማ ውስጥ ብቸኝነት ያስቸገረው ሰው ካለ መድኃኒቱን ልንገረው። አንድ ያረጀ መኪና ይግዛ። ፈረንጅ አራዳ ጥግ ይዞ ያቁምና ኮፈኑን ይክፈት። በቃ። ሰላምታ ማብዛት የለበትም፣ ቡና መጋበዝ የለበትም። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ አንድ ባለ ባጃጅ ይቆማል። ተሳፋሪ ጭኖ ነው የሚቆመው፤ ተሳፋሪውም አብሮ ይወርዳል። ከዚያ ሱቅ ደጅ የተቀመጠው ሰውዬ ይነሳል። ሦስተኛው "ምን ሆና ነው?" ይላል። አራተኛው መልሱን ሳይጠብቅ "ቦቢናዋ ነው" ይላል፤ እሳት የምታመነጨውን ዕቃ ማለቱ ነው። የኮፈን ሸንጎ ተሰየመ ማለት ነው።

ይህን ባህላችንን የሚያሙ አሉ። ምቀኞች ናቸው። እኔ ግን ሁለት ወር ሙሉ ሳንቲም ሳልከፍል የተመረመርኩ ሰው ነኝና ውለታ አለብኝ።

ታማሚዋ መኪናዬ ናት፣ ዲኤክሴ። በፈረንጆቹ 1979 ገበያ ላይ ከወጣው የኮሮላ ዘር የተገኘች፣ ቤንዚንና አየር በሚቀላቅል ካርቡሬተር የምትሠራ፣ ኮምፒውተር የሚባል ነገር በአጠገቧ አልፎ የማያውቅ። ስትታመም ዳሽቦርዷ ላይ ቢጫ መብራት አይበራም። ኮድ አታወጣም። ዝም ብላ ትንቀጠቀጣለች።

የጀመራት ክረምት ላይ ነው። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት አስነሳኋት። መሪው ተንዘፈዘፈ። የማርሹ ዘንግ ራሱን ነቀነቀ። የኋላ ማሳያው መስታወት ውስጥ አንዱ ባጃጅ ሁለት ሆኖ ታየኝ፤ ጅማ ውስጥ ባጃጅ ያነሰ ይመስል። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ድምፅ ደግሞ ዘፈኑ መሀል ላይ እጁን እያሳረፈ የሚያጨበጭብ ሰው ይመስላል። ቡፍ፣ ቡፍ፣ ቡፍ፣ ዝም። ቡፍ፣ ቡፍ፣ ቡፍ፣ ዝም።

ነገሩ የሕፃን ሒሳብ ነው። ሲሊንደሮቹ አራት ናቸው። እያንዳንዱ፣ ሞተሩ ሁለቴ ሲዞር አንዴ ይተኩሳል። ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሲሠራ፣ ሞተሩ በደቂቃ 800 ጊዜ የሚዞር ከሆነ አንዱ ሲሊንደር 400 ጊዜ መተኮስ አለበት። እሱ ሲያኮርፍ በየደቂቃው 400 ምት ይጎድላል። ሦስቱ ይገፋሉ፣ አንዱ ይጎተታል። የጅማ በርጩማ በሦስት እግሩ ኮርቶ ይቆማል፤ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ግን በሦስት አይሆንለትም።

እንግዲህ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው። ያኮረፈው የትኛው ነው? ይህን ለማወቅ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ሸንጎው ግን በተራ ጥያቄ ጊዜውን አያባክንም።

በጊቤ አገር ነገሥታቱ በፈረስ ስማቸው ይጠሩ ነበር። በፈረንጆቹ ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ስማቸው የፈረስ ስም ነው። ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለው ቤተ መንግሥታቸው እስካሁን አለ። እኔም ለሸንጎው አባላት ከዚህ ያነሰ ክብር መስጠት ነውር መሰለኝ። ፈረስ ባይኖራቸውም እያንዳንዳቸው የሚጋልቡት የመኪና ዕቃ አላቸው።

በመጀመሪያ አባ ቦቢና ይመስገኑ። የእሳቸውን ቆራጥነት የትም አላየሁም። ኮፈኑ ገና ሳይከፈት፣ መንገድ ማዶ ቆመው ነው የፈረዱት። አቋማቸውም አይናወጥም። ባለፈው ወር አንድ የአይሱዙ ሹፌር ሲቸገር አይተው "ቦቢናህ ነው ልጄ" ብለውታል። አይሱዙው የናፍጣ ነው። የናፍጣ ሞተር ነዳጁን በግፊት ሙቀት ነው የሚያቃጥለው፤ ቦቢና ብሎ ነገር የለውም። ሹፌሩ ይህን ሲነግራቸው አባ ቦቢና አልደነገጡም። "እሱ ነዋ ችግሩ" አሉት።

አባ ካርቡሬተር ደግሞ እጃቸው ፈጣን ነው። ካቻቢቴ ከኪሳቸው አይለይም። ሰላም ሳይሉኝ ሚኒሞውን ከፍ አደረጉት። መኪናዋ ጮኸች፣ መንቀጥቀጡም ቀነስ አለ። "አየህ?" አሉኝ። አየሁ። ትኩሳት ያለበትን ሰው እያስሮጡ ብርዱ ለቀቀው እንደማለት ነው፤ ግን አየሁ።

በሞተሩ ክዳን የተሰየሙት አባ ቴስታታ ዝም ብለው ይቆዩና ሁሉም ሲደክመው በሐዘን ድምፅ ይናገራሉ። "ሞተሩ ይውረድ።" ከዚህ በታች ፍርድ አይሰጡም።

የሸንጎው አንድነት የሚታየው ግን ሁሉም ባንድ ድምፅ በሚያዙት ትእዛዝ ነው። "ረግጠው! ረግጠው እስቲ!" እረግጣለሁ። ሞተሩ ያጓራል። ሃያ ሰው ጆሮውን ያቀናል። አንዱ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ምሥጢር እንደሚሰማ ካህን። እዚህ ላይ የሸንጎው ጥበብ ይገለጣል። ሚስ የሚያደርግ፣ ማለትም ምት የሚዘል፣ ሞተር ችግሩን አጥርቶ የሚናገረው ሚኒሞ ላይ፣ ቀስ ብሎ ሲዞር ነው። ሲረገጥ ምቶቹ ይቀራረባሉ፣ የጎደለው በሌሎቹ ጩኸት ይሸፈናል። ታማሚው እንዳይናገር አፉን ይዘው "ምንህን ነው የሚያምህ?" ይሉታል። ከዚያ "ይኸው ተስተካከለች!" ይባላል። እግሬን ሳነሳ ቡፍ፣ ቡፍ፣ ቡፍ፣ ዝም።

ምርመራው በነፃ ነው ብያለሁ። ዕቃው ግን በኔ ነው። ቦቢና ገዛሁ። ያው ናት። ካርቡሬተር ተፈታ፣ በቤንዚን ታጠበ፣ ተገጠመ። ያው ናት፤ እንዲያውም ሁለት ብሎን ተረፈ። የቤንዚን ማጣሪያ ተቀየረ። ያው ናት። ይህንን አሠራር የሚነቅፉ ሰዎች "መጀመሪያ ፈትሽ፣ ከዚያ ቀይር" ይላሉ። ለመለዋወጫ ነጋዴው ቤተሰብ ግን አያስቡም።

በየሲሊንደሩ እሳት ስለሚጭሩት ካንዴላዎች ትንሽ ልቆይ፤ ሆዴን የበላኝ እሱ ነው። አራቱም ተፈተው ወጡ። ካንዴላ ማለት የሲሊንደሩ የእጅ ጽሑፍ ነው። ጤነኛ ሲሊንደር ያወጣው ካንዴላ ጫፉ ምጣድ ላይ ገና ቀላ ማለት የጀመረ ቡና ይመስላል። ጥቁር ደረቅ ጥላሸት ካለው ቤንዚን በዝቶበታል። ዘይት ካጠገበው ዘይት ከላይ ወይ ከታች እየገባ ነው። ነጣ ካለ ነፋስ በዝቶበታል። ከአራቱ ሦስቱ ቀላ ያለ ቡና ነበሩ። አንዱ ብቻ ጥቁርና እርጥብ ነው፣ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ማለትም ነዳጅ ገብቶለታል፣ እሳት አልመጣለትም። ምስክሩ ቃሉን በጽሑፍ ሰጠ ማለት ነው።

ሸንጎው ምን አደረገ? አራቱንም አንድ ላይ ደባለቀና "አርጅተዋል" ብሎ ቱቦ ውስጥ ወረወራቸው። የትኛው ከየትኛው ቀዳዳ እንደወጣ እንኳ አልተያዘም። አሁን አዌቱ ወንዝ ውስጥ ይሆናሉ። አራት አዲስ ካንዴላ ገዛሁ። ያው ናት።

በዚህ ሁሉ መሀል አንድ ነውረኛ ሰው ነበር። ቱታው ዘይት የጠጣ፣ ከኋላ የቆመ፣ ድምፁ ቀጭን መካኒክ። አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረ። "የካንዴላ ገመዶቹን አንድ በአንድ ነቅላችሁ አይታችኋል?" አለ። ሸንጎው ዞሮ አየው። "መካኒክ ሆነህ ትጠይቃለህ?" አሉት አባ ቴስታታ። እውነታቸውን ነው። ያወቀ ሰው ይመልሳል እንጂ ይጠይቃል? ልጁ ትከሻውን ነቀነቀና ሄደ። እኔም፣ ሳልዋሽ፣ ንቄው ነበር። ሃያ መልስ ባለበት ቦታ አንድ ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ሰው ልብ አይሞላም።

አንድ ማታ መብራት ጠፋ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው፣ ግቢው ድቅድቅ ያለ ጨለማ። የልጁ ነገር ትዝ አለኝና መኪናዋን አስነስቼ ኮፈኑን ከፈትኩ። ብቻዬን። የጎረቤት ውሻ እንኳ አልመጣም። መጀመሪያ ምንም አላየሁም። ከዚያ ወደ ሦስተኛው ካንዴላ በሚሄደው ገመድ ጎን የሆነ ነገር ብልጭ አለ። ትንሽ ሰማያዊ ብልጭታ። ከገመዱ ወጥታ አጠገቡ ያለውን ብረት ትነክሳለች። ትጠፋለች። እንደገና ትነክሳለች። ልክ ሞተሩ ዝም በሚልበት ምት።

ጎማ እጀታ ባለው ፒንሳ ገመዶቹን አንድ በአንድ ነቀልኩ። በባዶ እጅ አይሞከርም፤ እዚያ ውስጥ የሚያልፈው ከአሥር ሺህ ቮልት በላይ ነው። አንደኛውን ስነቅል ሞተሩ ወደቀ፣ ልትጠፋ ደረሰች። መለስኩት። ሁለተኛውን ስነቅል እንደዚያው። አራተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛውን ስነቅል ምንም። ሞተሩ አልሰማም። ቀድሞም አልነበረማ! ገመዱ ብረት ላይ ሲታከክ ኖሮ ቆዳው ተሰንጥቋል፣ እርጥበት ሲገባበት እሳቱን ለካንዴላው ማድረሱን ትቶ ለብረቱ ያጎርሳል። ደረቅ ቀን ላይ ደህና የምትመስለኝም ለዚህ ነው። አምስት ደቂቃ ፈጀ። ሁለት ወር ሲቀነስ አምስት ደቂቃ።

አዲስ ገመድ ገባ፣ አራቱም ተኮሱ። ግን ሙሉ በሙሉ አልተፈወሰችም። ፍሪሲዮን ስለቅ ሰውነቷ ይርገፈገፋል፤ ሚኒሞ ላይም የቀረ መንዘፍዘፍ አለ። ሸንጎው ይህን ሲሰማ በደስታ ተሰበሰበ። አላይመንት (የጎማ አሰላለፍ) ነው፣ ቸርኬ ነው፣ ክሮቼራ (የማስተላለፊያ ዘንጉ መጋጠሚያ) ነው ተባለ። የጎማና የክሮቼራ መንቀጥቀጥ ከፍጥነት ጋር የሚመጣ ነው። ወደ አጋሮ መንገድ ወጥተህ ስትከንፍ ይጀምራል፣ ማርሽ ዜሮ አድርገህ ብትንከባለልም አይተውህም። የኔዋ ግን ቆማ ነው የምትንቀጠቀጠው። ቆማ! ይህን ስናገር አባ ካርቡሬተር በትዕግሥት አዳመጡኝና "አላይመንት አሠራ" አሉኝ።

በዚህ ጊዜ ልጁን ፈልጌ አገኘሁት። ጥያቄውን ይዞ መጣ። ፍሬን አስይዞኝ፣ የእጅ ፍሬኑንም አስስቦኝ፣ እሱ ከጎን ቆሞ (ከፊት አይቆምም) ፍሪሲዮኑን ቀስ ብዬ እንድለቅ አደረገኝ። ሞተሩ ባንድ ጎኑ ከመቀመጫው ብድግ አለ፣ እንግዳ ሲገባ እንደሚነሳ ሰው። ሞተሩ የሚቀመጥበት ጎማ ዘይት ሲጠጣ ኖሮ ለሁለት ተከፍሏል። ተቀየረ። አሁን መስታወቱ ውስጥ አንዱ ባጃጅ አንድ ነው።

ሸንጎው ሲሰማ አልተቆጣም። ትልቅነታቸው እዚህ ጋ ነው። አባ ቦቢና ጀርባዬን መታ መታ አድርገው "አላልኩህም? አዲስ ቦቢና እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል" አሉኝ። አባ ካርቡሬተር እጥበቱ ነው የሠራው አሉ። አባ ቴስታታ ብቻ ቅር ብሏቸዋል፤ "ለጊዜው ነው" ብለው ሄዱ።

ባለፈው ሐሙስ፣ የገበያ ቀን፣ የጅማው መርካቶ አካባቢ አንዲት ቪትዝ ኮፈኗን ከፍታ ቆማ አየሁ። ትንቀጠቀጣለች። ሰው ከቧታል። ቸኩዬ ነበር፣ ሥራ ነበረብኝ፣ እግሬ ግን ወሰደኝ። ሹፌሩ ወጣት ነው፣ ላብ አጥምቆታል። ሰዎቹን ገፋ ገፋ አድርጌ ገባሁና ጆሮዬን አቀናሁ። ቡፍ፣ ቡፍ፣ ዝም።

"የካንዴላ ገመድ ነው" አልኩ። ሰዉ ዞሮ አየኝ። ደስ ይላል፣ አልዋሽም።

ያ መካኒክ ልጅ ለካ አጠገቤ ቆሟል። "የቱ ገመድ፣ ጋሼ?" አለኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። በየካንዴላው አናት ላይ የየራሱ ቦቢና ተቀምጧል። የካንዴላ ገመድ የሚባል ነገር የላትም።

ቀና አልኩና ወደ ሹፌሩ ዞርኩ።

"ረግጠው እስቲ" አልኩት።