ውስጥ ውስጡን ለታገሉልን

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ያሉት አባቶቻችን ዩቲዩብን አላዩም። ቢያዩ ኖሮ «ሲሾም ያልተናገረ» ብለው ያርሙት ነበር። የቀድሞ ባለሥልጣኖቻችን ግን ቁጭታቸውን በሆዳቸው ይዘው አልተቀመጡም፤ ሳይሰስቱ እያካፈሉን ነውና ምስጋና ይገባቸዋል።

አዋጅ ቁጥር 653/2001 ከኃላፊነት ለሚነሡ ሹማምንት፣ እንደየማዕረጋቸው፣ ቤቱንም መኪናውንም ሕክምናውንም አስቦላቸዋል። ትልቁን ጥቅማ ጥቅም ግን ሳይጠቅሰው አልፏል፦ የማስታወስ ችሎታን። ወንበር ላይ ሳሉ «መረጃው የለኝም»፣ «የሚመለከተው ሌላ አካል ነው» ይሉ የነበሩ ሰዎች፣ የቢሮ ቁልፍ ባስረከቡ ማግስት የስብሰባውን ቀን፣ ማን ከማን አጠገብ እንደተቀመጠ፣ ማን ሻይ እንደደገመ ሳይቀር ይዘረግፉታል። የሚጠፋባቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እጅ ሲወጣ የእሳቸው እጅ የት እንደነበረ።

የዩቲዩቡን ዝግጅት ታውቁታላችሁ። ሁለት ሶፋ፣ መሐላቸው የፕላስቲክ አበባ፣ ወረቀቱ የተላጠ የውኃ ጠርሙስ። አንድ ተመልካች ከሜሪላንድ ይደውላል።

«ክቡርነትዎ እንደምን አመሹ? የ1997ቱ ምርጫ ዕለት ማታ፣ ገና ቆጠራው ሳያልቅ፣ አዲስ አበባ ላይ ለአንድ ወር ሰልፍ ሲከለከል እርስዎ ምን አሉ?»

እንግዳው ውኃቸውን ጎንጨት ያደርጋሉ። «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። ግን ሰፋ አድርገን ካላየነው አንግባባም» ይሉና ወደ 1966 ይመለሳሉ። ከአብዮቱ ተነሥተው፣ በረሃውን አቋርጠው፣ የሽግግሩን ዘመን አልፈው 1997 ደጃፍ ላይ ሲደርሱ ሰዓቱ ሊያልቅ ነው። ደዋዩ ግን ችክ ያለ ሰው ነው። ራሱ ፓርላማው ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን የቆጠራቸው 193 ሲቪሎች እንዴት እንደሞቱ ይጠይቃል።

«እሱን እንኳ፣ እኔ በወቅቱ ግብርና ላይ ነበርኩ።»

ስለ ቤተ መንግሥት ኑሮ ሲጠየቁ መልሱ አጭር ነው፤ ሽሮ ነበር የምንበላው ይላሉ። አምናቸዋለሁ። መሬት በእንጀራ አይበላም።

ከሁሉ በላይ የማደንቀው ግን «ውስጥ ሆኜ ታግያለሁ» የምትለዋን ነው። እስካሁን ያልታገለ አልገጠመኝም። አንዱ በግምገማ አንሥቶት «ጠባብ» ተብሏል፣ ሌላው አንሥቶት «ትምክህተኛ» ተብሏል፣ ሦስተኛው ሊያነሣ ሲል የሻይ ዕረፍት ሆነበት። ከዚያ በኋላ ዴሞክራሲያዊ ማዕከላዊነት፣ ማለትም ፓርቲው አንዴ ከወሰነ ሁሉም በአንድ ድምፅ ይናገራል የሚለው ደንብ፣ ስላለ ውጭ ወጥተው ያልደገፉትን ሲያስረዱን ኖሩ። ምን ያህል ቢያማቸው ነው! ያኔ በቴሌቪዥን ሲስቁ የነበሩት ለካ ሕመሙን ችለው ነው።

ነገሩን ሳሰላው በምርጫ ታሪካችን ላይ ትልቅ ስሕተት መፈጸሙን ተረዳሁ። በ2007 ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም ወንበር ጠቀለሉ ተብሎ ዓለም ተሳለቀብን። ሁሉም ውስጥ ውስጡን ተቃዋሚ ከነበሩ ግን ገዥው ፓርቲ በዚያ ምርጫ አንድ ወንበር እንኳ አላገኘም፤ መቶ በመቶ ያሸነፈው ተቃዋሚው ነው! በ2002ም እንዲሁ። 545ቱ ሲወሰዱ ብቸኛውን የተቃዋሚ ፓርቲ ተወካይ እያየን ስናዝን ነበር። «በአንድ ተቃውሞ ጸደቀ» የሚለውን ዜና በሰማን ቁጥርም አንጀታችን ይላወስ ነበር። ሰውዬው ለካ አምስት ዓመት ሙሉ በወገን ተከበው ነው የተቀመጡት። ከዚያ ሁሉ ወገን አንዱ እንኳ ክንዱን ትንሽ ከፍ ቢያደርግ ምን ነበረበት? ሲጨበጨብ ግን ክንዱ ደኅና ነበር።

እንግዲህ እውነቱ የሚወጣው ሰውዬው ሲወጣ ከሆነ፣ የሥልጣን ዘመኑን አምስት ዓመት ማድረግ ለምን አስፈለገ? ስድስት ወር ይበቃል። ገና ትዝታው ትኩስ ሳለ ይሰናበታሉ፣ በሳምንቱ ሶፋው ላይ ይቀመጣሉ፣ በወሩ መጽሐፉ ይመረቃል። ሕዝቡም የተበላውን፣ ተናጋሪው ሳይረሳው፣ ከነዝርዝሩ ይሰማል።

ዛሬ ወንበር ላይ ያሉትም ቢሆኑ በዚህች ደቂቃ ውስጥ ውስጡን እየታገሉልን እንደሆነ አልጠራጠርም። ፊታቸው ላይ አይታይም እንጂ። ልንጠይቃቸው ብንፈልግ ደግሞ ለጊዜው ሶፋው ተይዟል።