መጤ ለቃሚው

ጅማ ባለሙያ አጥታ አታውቅም። ፈረንጅ አራዳ በረንዳ ላይ ማኪያቶውን ይዞ የሚሰየመውን መጤ ለቃሚ የሚያህል ግን የለም። ቡና ለቃሚ ቀዩን ከአረንጓዴው ለመለየት ዐይኑን ያፈጣል፤ ለእርሱ ጆሮ ይበቃዋል። አስተናጋጇ «ምን ልታዘዝ?» ከማለቷ፣

«የየት አገር ልጅ ነሽ?»

«የዚሁ።»

«እሱማ፤ መሠረትሽን ነው እንጂ።»

«እናቴም እዚሁ ነው የተወለደችው።»

«አያትሽስ?»

አያት ላይ ሲደርስ ፊቱ ይበራል። ስኳሩን ያማስላል።

የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር እንኳ ይህ ጥበብ አልነበራቸውም። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ሲገዙ፣ ሂርማታ ገበያ የደረሰውን የሩቅ ነጋዴ አያቱን እንደ መቁጠር አስጠግተው ያስነግዱት ነበር። የዋህነታቸው! ገበያ የሚደምቀው እንዲህ መስሏቸው።

የለቃሚያችን ትልቁ ጸጋ ግን የዕረፍት ጊዜውን ማወቁ ነው። ጥቅምት ላይ የቡና ማሳው መቅላት ሲጀምር ጥያቄው ድንገት ይነጥፋል። ፍሬው በአንድ ቀን አይበስልማ! አንዱ እግር ቡና ሦስቴም አራቴም ይለቀማል፤ 1 ኪሎ ጥሬ ቡና ለማግኘት 6 ኪሎ ገደማ ቀይ እሸት ያስፈልጋል። እጅ ካነሰ ቅርንጫፉ ከነአረንጓዴው ይሸመጠጣል፤ ያ ጥሬ ፍሬ ሲቆላ ገርጥቶ ይቀርና የስኒውን ጣዕም ያበላሻል። ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣውም ቢሆን ሳስቶ ካልተዘረጋና በቀን ደጋግሞ የሚያገላብጠው ካላገኘ ይሻግታል። ሰው አነሰኝ ብለው መሬት ላይ ያሰጡት እንደሆነ ደግሞ አፈር አፈር ይላል፤ ገዥ በአፍንጫው ይለየዋል፣ ዋጋውም እዚያው ይወድቃል። ስለዚህ ከዳውሮ፣ ከከምባታ፣ ከወላይታ ለመጣው ጎረምሳ ያን ሰሞን ያለው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ «በኪሎ ስንት?» መሠረት ፍለጋው ቡናው ጎተራ ከገባ በኋላ ይደርሳል።

ለዕቃም ምሕረት አለው። የቤቱ ማገር ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ፣ የጓሮው በቆሎ ከአሜሪካ ምድር የመጡ ናቸው፤ አንዱንም አላስጨነቀም። በርበሬውም ከዚያው ባሕር ተሻግሮ ነው የመጣው፤ እሱን ግን ማን ደፍሮ ይጠይቀዋል፣ ያቃጥላል።

አሁን ደግሞ ጫማውን ለሊስትሮው ዘርግቶ «አንተስ፣ መሠረትህ የት ነው?» እያለው ነው። ልጁ ቀና ሳይል በብሩሹ ሳጥኑን ሁለቴ መታ። ሌላውን እግር ማለቱ ነው።