ሰባት ሰው፣ አንድ ቪው

የእህቴ ልጅ ሦስት ቀን ሙሉ እህል አልቀመሰችም። እህል ስል እንጀራ ማለቴ ነው፣ ቺፕሱ አልተቋረጠም። ምክንያቱ የምትሞትለት ዘፋኝ ነጠላ ዜማ ለቆ፣ ነጠላ ዜማው ሜዳ ላይ መቅረቱ ነው። ዘፋኙ እንደዋዛ የሚታይ ሰው አይደለም። ሰርግ ቤት ከገባ ሙሽራው ይረሳል። ካፌ ከተቀመጠ አስተናጋጇ የሌላውን ሰው ማኪያቶ ይዛ ሰልፊ ትጠይቀዋለች። ስሙን አልጠራም። ልጅቷ ይህን ታነበዋለች፣ እኔ ደግሞ እዚያ ቤት እራት እበላለሁ።

«ጋሼ፣ እስቲ አስረዳኝ» አለችኝ። «ሰው ሁሉ ይወደዋል አይደል? ታዲያ ቪው የት ሄደ?»

የት እንደሄደ አውቃለሁ። የተለቀቀ ቀን እዚያው ቤት ነበርኩ።

ቅዳሜ ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ይለቀቃል ተብሎ ለሳምንታት «በቅርብ ቀን» ሲባል ከርሟል። እናቴ ቡና አፍልታ ጎረቤት ጠርታለች። ልጅቷ ስልኳን ረከቦቱ ላይ፣ ከስኒዎቹ መሀል፣ የስኳር ዕቃውን አስደግፋ አቆመችው። ከዚያ መመሪያ አወጣች። «ሁላችሁም በየስልካችሁ ክፈቱ። እስከ መጨረሻው እዩ። ማስታወቂያ እንዳትዘሉ። ላይክ፣ ሼር፣ ኮመንት።»

ጎረቤታችን ስልካቸውን ቶሎ ብለው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱ። «ልጄ፣ እኔ ያለችኝን ፓኬጅ ለኢሞ ነው ያስቀመጥኳት። ልጄ ዛሬ ከቤሩት ትደውላለች» አሉ። ወንድሜ ባትሪው አራት በመቶ ነው አለ። እኔ ምንም አላልኩም። ለማታው ኳስ የገዛኋት ጥቅል ነበረችኝ፣ እሷን ደግሞ ለማንም አልሰጥም፣ ለእናቴም ቢሆን። ስለዚህ ሰባት ሰው፣ አሥራ አራት ጆሮ፣ አንድ ስልክ። ዩቲዩብ ይህን ሁሉ ሰው አንድ ብሎ መዘገበ።

ዘፈኑ ተጀመረ። ገና አዝማቹ ሳይገባ ስልኩ ጠራ። እህቴ ናት፣ ሱቅ ቆማ «ዘይት አለ ወይስ ልግዛ?» ትላለች። ዘይት አለ የለም ክርክር ተነሳ፣ እናቴ ልታይ ጓዳ ገባች። ስንመለስ ቡናው ገንፍሏል። ዘፈኑን እንደገና ክፈቺው ያለ ሰው አልነበረም። ጎረቤታችን ግን ስኒያቸውን እየተቀበሉ «ጎበዝ ልጅ ነው፣ እግዜር ያሳድገው» ብለው መረቁት። አርባ ሰከንድ ለማትሞላ ዘፈን የተሰጠ ምርቃት ነው እንግዲህ።

ነገሩ ያለው እዚህ ጋ ይመስለኛል። እኛ ዘፋኙን እንወዳለን። ዘፈኑን ግን እንደ ለቅሶ ቤት ነው የምንሄደው። መድረስ አለብን። መታየት አለብን። ገብተን አንገታችንን ደፋ አድርገን፣ «እግዜር ያጽናችሁ» ብለን፣ ንፍሮ ቀምሰን መውጣት። ስንት ሰዓት እንደቆየን የሚጠይቀን የለም፣ አለመምጣታችን ግን ይመዘገባል። ካላመናችሁኝ ከዘፈን በታች ያለውን አስተያየት አንብቡ። የመጀመሪያው «1ኛ» ይላል። ዘፈኑ አራት ደቂቃ ነው፣ እሱ የጻፈው በሦስተኛው ሰከንድ ላይ ነው። ቀጥሎ «ማነው እንደኔ ኮመንት እያነበበ የሚሰማ?» ይላል። ቀጥሎ «ከዓረብ አገር ያላችሁ እህቶቼ ላይክ አድርጉ»። ስለ ዘፈኑ የተጻፈ ለማግኘት እንደ ምስር ለቀማ ዓይን ያጠፋል። ከተገኘም «አንደኛ ነህ፣ ያለፈው ግን...» ብሎ የሚጀምር ነው። ያቺ «ግን» ናት የገደለችው።

በነገራችን ላይ ዘፈንን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሰሙት እነዚያው ዓረብ አገር ያሉት እህቶቻችን ናቸው ብዬ አምናለሁ። ሥራ አልቆ፣ ልጆቹ ተኝተው፣ በሰው ቤት ዋይፋይ፣ በጆሮ ማዳመጫ፣ በሌሊት። እንዲህ ያለ ሰው ዘፈን አይዘልም።

አሁን ቻርት የሚባለውን ነገር፣ የዘፈኖችን የደረጃ ሰንጠረዥ፣ እንይ። እኛ ጋ «ወደቀ» ስንል ዩቲዩብ ላይ ካለችው ቁጥር ውጪ የምንመለከተው የለም። ድሮ «ትሬንዲንግ 1ኛ» የሚባል ማዕረግም ነበር፣ እንደ ደጃዝማችነት የሚያኮራ። እሱንም ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. በ2025 ገጹን ዘግቶ ሻረው። ማዕረጉ ቀረ፣ ቁጥሯ ቀረችን። ቁጥሯ ደግሞ የጣት ጉዳይ ናት። ማን እንደነካ ታውቃለች፣ ማን እንደሰማ አታውቅም። በገንዘብ በተገፋ ማስታወቂያ የመጣም እይታ ነበረና ዩቲዩብ ራሱ አፍሮ እ.ኤ.አ. በ2019 «ከዛሬ ጀምሮ የማስታወቂያ እይታ ለሙዚቃ ቻርት አይቆጠርም» አለ። ከዚያ በፊት የተቆጠረው ምን ሊሆን ነው? ብለን አንጠይቅም። የበላ በላ።

ይህን ስነግራት ልጅቷ ፊቷን አጠቆረች። «አሜሪካ እንዲህ የለም» አለች። አሜሪካ! እስቲ አሜሪካን እንስማ። እ.ኤ.አ. በ1996 እና 97 ኖ ዳውት የሚባለው ባንድ «ዶንት ስፒክ» የሚል ዘፈን ነበረው። በሬዲዮ ቻርት 16 ሳምንት አንደኛ ሆነ። አሥራ ስድስት ሳምንት፣ ሁዳዴ ተፈትቶ ሁለት ወር ሊሞላው ማለት ነው። የአሜሪካ ዋናው የዘፈን ደረጃ መዝገብ በሆነው ቢልቦርድ ሆት 100 ላይ ግን መቶኛ እንኳ አልወጣም። አንድ ጊዜም አልገባ። ለምን? የጊዜው ደንብ «ነጠላ ዜማ ሆኖ ሱቅ ያልተሸጠ ዘፈን አይቆጠርም» ይል ነበር፣ ኩባንያው ደግሞ ሰው ሙሉ አልበሙን እንዲገዛ ብሎ ነጠላውን ለሽያጭ አላወጣውም። አገር ሁሉ እያዜመው መዝገቡ «እንዲህ ያለ ዘፈን አላውቅም» አለ። ደንቡን የቀየሩት እ.ኤ.አ. በ1998 መጨረሻ ነው። እኛ ቀበሌ መታወቂያ ስናድስ ከሚገጥመን በምን ይለያል?

የተገላቢጦሹም አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 የቴዲ አፍሮ «ኢትዮጵያ» አልበም የቢልቦርድን የዓለም አልበሞች ቻርት አንደኛ ሆኖ መርቷል። ደስ አለን፣ ተቃቀፍን። ግን እዚያ የተቆጠረው አሜሪካ የተሸጠው ነው። ዲሲና ሲያትል ያለው ወገን ካርዱን አውጥቶ ሲገዛ ተቆጠረ። እኛ ቦሌና መርካቶ በየታክሲው ጉሮሯችን እስኪዘጋ የዘፈንነው የትም አልተጻፈም።

እናቴ ይህን ሁሉ ከጓዳ ስትሰማ ቆይታ ወጣች። «እኛ አንድ ሸክላ ነበረን» አለች። «አንዱ ገጽ አንድ ዘፈን፣ ስትገለብጪው ሌላ ዘፈን። በቃ። ሰፈሩ በሙሉ ተሰብስቦ ይሰማ ነበር፣ ማን ቆጠረን?» እሷ የምታወራው አምሃ እሸቴ ሸክላ ማሳተም ስለጀመረበት ዘመን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1969 የመጀመሪያውን የአለማየሁ እሸቴን ካወጣ በኋላ ስላለው። ያ ሸክላ ስንት ጆሮ ገባ? ቡና ቤቱ የገዛው አንድ ነው፣ የሰማው ግን እግረ መንገዱን የቆመው ሁሉ ነው። ያኔም ሰባት ሰው አንድ ነበር። ልዩነቱ በየሰዓቱ ከፍቶ ቁጥሩን እያየ የሚያለቅስ አለመኖሩ ነው።

ግን ሁሉን በቆጣሪው ላላክከው አልፈልግም። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሆናል። ዘፋኙና ሰዎቹ ራሳቸው ጥፋት አለባቸው።

አንደኛ ነገር፣ ሰውዬው የእስክስታ ዘፈን የለቀቀው በሁዳዴ ነው። ሃምሳ አምስት ቀን! ግማሹ ሰው መዝሙር እየሰማ፣ ሽሮ እየበላ፣ ወገቡን ለስግደት አስቀምጦ ሳለ «ወገብሽን ንቅንቅ» ይለዋል። ማኔጀሩ ለምን እንዲህ አደረግህ ሲባል «ለበዓል ከሆነ ሁሉም ስለሚለቅ ይጨናነቃል ብዬ ነው» አለ አሉ። አባባሉ ሐሰት አይደለም። እንቁጣጣሽና ፋሲካ ዋዜማ ላይ የሚወጣው ዘፈን እንደ ዶሮ ተራ ነው፣ ሁሉም ይጮኻል፣ የትኛው እንደጮኸ አይለይም። በዚያ ላይ ሰሚው ሥራ ላይ ነው። አሥራ ሁለቱን ብልት እያወጣች፣ እጇ ሽንኩርትና ቅቤ የሆነ ሴት በምን ጣቷ ነው ስልክ የምትነካው? በክርኗ? እህቴ ሞክራዋለች፣ የተከፈተላት የጋዜጣዊ መግለጫ ነው።

ሌላው ቲክቶክ ነው። ዘፈኑ ሳይወጣ አዝማቿን ቆርጠው ለቀቋት። ሕዝቡ በአሥራ አምስቷ ሰከንድ ጨፈረ፣ ጠገበ፣ ተሰላቸ። ሙሉው ሲመጣ ሰው የጠበቀው ከዚያች የተሻለ ነገር ነበር፣ ያገኘው ያችኑ አሥራ አምስት ሰከንድና ዙሪያዋን የተሞላ ሦስት ደቂቃ ከአርባ አምስት ነው።

ደግሞስ ነጠላ ዜማ! ሰው አልበም ብሎ ሦስት ዓመት ጠብቋል። አልበም ጋቢ ነው፣ ከላይ እስከ ታች ያለብሳል፣ አንዱ ባይጥምህ ሌላው ያሞቅሃል። ነጠላ ግን ስሙ ላይ ነው። በኅዳር ብርድ ነጠላ ደርቦ የሚያድር ማን ነው?

የባሰውን ያጫወተኝ አንድ የማውቀው ኪቦርድ ተጫዋች ነው። ዘፈኑ ሲቀዳ ስቱዲዮ ነበር። እንደሚለው ቀረጻው ሲያልቅ ጓደኞች ተጠሩ። ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ፣ ራሱን እያወዛወዘ ሰማ። ሲያልቅ አንዱ «ወንድሜ፣ ይሄ ፋየር ነው» አለ። ሌላው «አገር ይነዳል» አለ። ሦስተኛው ቃል አጥሮት አቀፈው፣ ብድር ሊጠይቅ ነበር መሰለኝ የመጣው። ኪቦርድ ተጫዋቹ ራሱ ዜማው ከባለፈው ዘፈን ጋር አንድ እናት አንድ አባት መሆኑን ያውቃል፣ ግን ሂሳቡን ገና አልተቀበለም። ታዲያ ማን ይናገር? ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ። እኛ አገር ሰው ሽሮው ጨው ከበዛበት እንኳ «እንዴት ይጣፍጣል!» ብሎ ሁለት ብርጭቆ ውኃ ይጠይቃል እንጂ እውነቱን አይናገርም።

እውነቱን የተናገረው የግቢው ዘበኛ ነው። ዘፋኙ ሲወጣ በር እየከፈተለት «እንዴት ነው፣ ሰማኸው?» ቢለው፣ «ጌታዬ፣ ቆንጆ ነው። ያን ጊዜም ቆንጆ ነበር» አለው። «መቼ?» «ባለፈው ዓመት የዘፈኑት ጊዜ።»

ዘፋኙ ስቆ መኪናው ውስጥ ገባ። ከወደቀ በኋላ ግን ቃለ መጠይቅ ላይ ምን አለ? «አልጎሪዝሙ ነው።» ዱሮ ቢሆን ቡዳ ነበር የምንለው። አሁን ሰልጥነናል።

ልጅቷን ላጽናናት ብዬ የማራያ ኬሪን ነገር ነገርኳት። የገና ዘፈኗ እ.ኤ.አ. በ1994 ወጥቶ ሆት 100 ላይ አንደኛ የሆነው በ2019 ነው፣ ሃያ አምስት ዓመት ፈጅቶ። ልጅቷ አሰበች። «ያኔ እኔ አርባ ሁለት ዓመቴ ነው» አለችና እንደገና አለቀሰች። ማጽናናት አልችልበትም።

ከዚያ ሁለት ወር ያህል አለፈ። ባለፈው ሳምንት ከመገናኛ አብረን ታክሲ ያዝን። ሚኒባሱ እንደ ደንቡ ሞልቶ እንደ ልማዱ ተትረፍርፏል። ሾፌሩ ፍላሽ ሰካ። የመጀመሪያውን ምት ስሰማ ልጅቷ ክርኗን ጎኔ ላይ ተከለችው። እሱ ነው! ያው ዘፈን! ጾሙ ተፈቷል፣ ሰዉ ከሥራ ወጥቷል፣ የወር መጨረሻም ነው። አዝማቹ ሲደርስ ከኋላ ያሉት ሦስት ተማሪዎች ተቀበሉት። ጋቢና የተቀመጡት ሰውዬ በቦርሳቸው ላይ ከበሮ መቱ። ረዳቱ በሩን እየደበደበ ትከሻውን ነቀነቀ፣ ከቤታችን ቡና ላይ ከነበረው ሕዝብ ሁሉ በላይ ሰማው፣ ሁለተኛውንም ስንኝ በቃሉ ያውቀዋል።

ልጅቷ ደስታዋን መቆጣጠር አቅቷት «ታውቀዋለህ?» አለችው።

«ምኑን?»

«ዘፋኙን!»

«ኧረ እኔ አላውቅም» አለ ረዳቱ። «ፍላሹን ሾፌሩ አስጭኖ ነው። ማን እንደዘፈነው እንጃ፣ ግን ይመቻል።»

ልጅቷ ስልኳን አወጣች። ዩቲዩብ ከፈተች። ቁጥሯ ያቺው ናት። አንገቷን ወደ ኋላ አዙራ ተሳፋሪውን በጣቷ መቁጠር ጀመረች። አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት፣ በርጩማው ላይ ያለው አሥራ አራት...

«እህት፣ ቆጠራውን ለእኔ ተይው» አላት ረዳቱ። «የሁለት ሰው ሂሳብ አምጪ።»