ሰባት ዓመት ዋንጫ ያጣው አሰልጣኝ ለምን አልተባረረም?

ስለ ውሃ ዋና ስፖርት እኛ ጋር ብዙም አይወራም፣ እኔ ግን ኤዲ ሪስን ሳላነሳ ማለፍ አልፈልግም። የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የወንዶች ዋና ቡድን አሰልጣኝ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ገብቶ እስከ 2024 እዛው፣ 15 ጊዜ የአሜሪካ ኮሌጆችን ሻምፒዮና በልቷል።

የኮሌጅ ቡድን እኮ እንደ ክለብ አይደለም፣ ጎበዝ ዋናተኛ አገኘሁ ብለህ አስር ዓመት ይዘኸው አትቆይም፣ ልጁ በ18 ዓመቱ ይመጣል አራት ዓመት ይዋኛል ይመረቃል ይሄዳል፣ አንተ እንደገና ከሀ ትጀምራለህ። ሪስ የመጀመሪያውን ዋንጫ በ1981፣ የመጨረሻውን በ2021 ነው የወሰደው። አርባ ዓመት!

ከ15ቱ በላይ የሚገርመኝ ግን ያላሸነፈበት ጊዜ ነው። ከ2002 በኋላ በ2010 እንደገና እስኪበላ ድረስ ሰባት ዓመት ምንም የለም። ከ2003 እስከ 2007 በተከታታይ የበላው ደሞ ማን መሰላችሁ፣ ኦበርን ዩኒቨርሲቲ፣ ሪስ ራሱ ቴክሳስ ከመምጣቱ በፊት ከታች አንስቶ በ1978 ሁለተኛ ያደረገው ቡድን። እኛ ጋር ሶስት ጨዋታ የተሸነፈ አሰልጣኝ ሻንጣውን ያስራል። እሱን ግን ማንም አላባረረውም፣ እንደውም በነዛው ዓመታት የአሜሪካን የወንዶች ኦሎምፒክ የዋና ቡድን በአቴንስም በቤጂንግም በዋና አሰልጣኝነት መራ፣ እሱ ያሰለጠነው ዋናተኛ አሮን ፒርሶል አቴንስ ላይ የ100ም የ200ም ሜትር የጀርባ ዋና ወርቅ ወሰደ።

ከዛ ከ2015 እስከ 2018 አራት ዓመት በተከታታይ ቴክሳስ። የሲንጋፖሩ ጆሴፍ ስኩሊንግም ከዛ ቡድን ነው፣ ልጅ እያለ ከታዋቂው አሜሪካዊ ዋናተኛ ከማይክል ፌልፕስ ጋር ፎቶ የተነሳው፣ በኋላ ሪዮ 2016 ላይ በ100 ሜትር ቢራቢሮ ዋና በ50.39 ሰከንድ ራሱን ፌልፕስን ቀድሞ ለሀገሩ የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ወርቅ ያመጣው።

ለፌዴሬሽኖቻችንና ለክለቦቻችን የምለው ይሄንን ነው፣ ዋንጫ ብቻ አትቁጠሩ፣ በሱ ስር ያሉት ልጆች ከአምናው ዘንድሮ ተሻሽለዋል ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ከተሻሻሉ ሰውየውን ተዉት ይስራ። ካልተሻሻሉ ያኔ አሰናብቱት፣ እኔም አልከራከርም።

ሪስ በ2025 ኤፕሪል 2 ቀን በ83 ዓመቱ አረፈ። ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ቴክሳስ እሱን በተካው በቦብ ቦውማን ስር እንደገና ሻምፒዮን ሆኖ ነበር፣ ከዋኙት ልጆች መሀል ሪስ የመለመላቸው ነበሩበት።